ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰቡ ሰዎች



በኢንተርኔት ስለሚደረግ የፖለቲካ ክርክር ሲነሣ ሁላችንም የምናየው ፖለቲካ በስሙ የሚጠራበትን ሰፈር ነው፤ የፓርቲ ገጾችን፣ የተንታኞችን የቀጥታ ስርጭት፣ አስተያየት በሺሕ የሚከመርበትን የፌስቡክ ጽሑፍ። እዚያ የሚበዛው ስድብና ፍረጃ ስለሆነም ሰው በስልክ ስክሪን ላይ ከማይስማማው ሰው ጋር መነጋገር አይችልም ብለን እንደመድማለን። ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ሐሳብ፣ ይህ ድምዳሜ የመጣው የተሳሳተ ቦታ ስለምናይ ነው የሚል ነው። ሰዎች በፖለቲካ ልዩነታቸው ላይ ይበልጥ የሚደማመጡት ለፖለቲካ ባልተሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ኳስ በሚወራበት፣ ኮድ በሚታረምበት፣ የፎቶግራፍ ወይም የሹራብ ሥራ በሚታይበት ግሩፕ ውስጥ። ስለዚህ እነዚህን የሙያና የትርፍ ጊዜ ስብስቦች ከቁም ነገር ሳንቆጥር ማለፋችን፣ አለዚያም «እዚህ ፖለቲካ ክልክል ነው» በሚል አንድ መስመር ዘግተን መተዋችን፣ ያለንን ጥቂት የመነጋገሪያ ቦታ ያሳጣናል።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ እ.ኤ.አ. በ2009 «ጆርናል ኦፍ ኮሚዩኒኬሽን» ላይ የታተመው የማግዳሌና ቮይቼሻክና የዳያና ማትዝ ጥናት ነው። ሁለቱ ምሁራን በአሜሪካ በኢንተርኔት የውይይት ቡድኖች የሚሳተፉ ሰዎችን የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ ቡድናችሁ ስለ ምንድን ነው፣ ፖለቲካ ይነሣበታል ወይ፣ ሲነሣስ ከእናንተ የተለየ አቋም ያጋጥማችኋል ወይ የሚል። መልሱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ተቃራኒ ሆነ። በፖለቲካ ስም የተቋቋሙት ቡድኖች በአብዛኛው ተመሳሳይ አቋም ያላቸው ሰዎች የሚገናኙባቸው ሆነው ተገኙ። አቋም ከተቃራኒ አቋም ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ፖለቲካ እግረ መንገዱን ብቻ በሚነሣባቸው፣ ሰዎች ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያና ለመሰል ጉዳይ በገቡባቸው ስብስቦች ውስጥ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰው የፖለቲካ ቡድን ሲመርጥ አቋሙን ነው የሚመርጠው፤ አብረውት ያሉትም ገና ከበሩ ተጣርተው የገቡ ናቸው። የካሜራ ሌንስ ወይም የአርሰናል ተከላካይ የሚያሳስበው ሰው ግን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አልመረጠም። ማትዝ ከጄፍሪ ሞንዳክ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሌላ ጥናት የሥራ ቦታም ይህንኑ ጠባይ እንዳለው አሳይታለች፤ አሜሪካውያን የተቃራኒ ወገን ሐሳብ የሚሰሙት ከቤተሰብና ከጎረቤት ይልቅ ከሥራ ባልደረባ ነው። የሥራ ባልደረባውን በፖለቲካ አቋሙ መርጦ የሚያመጣ የለምና።

ክፍቱ አደባባይ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ኤድዋርድ ስኖውደን ስላጋለጠው የመንግሥት ስለላ ፊት ለፊት ለመወያየት ፈቃደኛ የሆኑት 86 በመቶ ሲሆኑ፣ ከፌስቡክና ከትዊተር ተጠቃሚዎች መካከል ግን በዚያው ጉዳይ እዚያው ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር እኔ የማነበው እንዲህ ነው። በክፍቱ ገጽ ላይ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚያነበው አያውቅም፤ አለቃው፣ አማቱ፣ የሰፈሩ ሹም፣ ጨርሶ የማያውቀው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንባቢው ናቸው። ስለዚህ ጠንቃቃው ዝም ይላል፤ የሚቀረው የማይፈራው ወይም ከጠቡ የሚያተርፈው ነው። የአገሩ ሕዝብ ጠባይ አድርገን የምንወስደው ድምፅ፣ ሌላው ዝም ካለ በኋላ የቀረው ሰው ድምፅ ነው።

ታዲያ ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ ሰው ለምን የተሻለ ተከራካሪ ይሆናል? መልሱ እንዲህ ያለው ስብስብ ለሰው ከአቋሙ ሌላ መታወቂያ ስለሚሰጠው ነው እላለሁ። ለዚህ በቴክኖሎጂው ዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ሚኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የሚጠቀሙ ሰዎች በሚጻጻፉበት የዩዝኔት መድረክ ላይ፣ ለትርፍ ጊዜው የራሱን ስርዓተ ክወና እየሠራ መሆኑን ገልጾ አስተያየት ጠየቀ። ዛሬ ሊኑክስ የምንለው እሱ ነው። በጥር 1992 የሚኒክስ ደራሲ፣ በአምስተርዳም ፕሮፌሰር የነበረው አንድሩ ታነንባውም፣ በዚያው መድረክ ላይ የሊኑክስ ንድፍ ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ጻፈ። ክርክሩ የሙያ ክርክር ነበር፤ የስርዓቱ እምብርት አንድ ወጥ ትልቅ ፕሮግራም ይሁን፣ ወይስ እምብርቱ ትንሽ ሆኖ ሌላው ሥራ ተለያይቶ ይሠራ የሚል። ታነንባውም ሥራው በአንድ ዓይነት የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ መታሰሩንም ነቀፈ። ወጣቱ ተቆጥቶ በጠነከረ ቃል መለሰ፤ በማግሥቱ ደግሞ ስለ ቃሉ ጥንካሬ ይቅርታ ጠየቀ፤ አቋሙን ግን አልለወጠም። ሌሎችም መሐንዲሶች ገቡበት። ማንም ማንንም አላሳመነም።

የታሪኩ ዋና ክፍል ግን የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የዋሽንግተን ተቋም ባልደረባ፣ አንድ ተማሪ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊጽፍ አይችልም፣ ከሚኒክስ ተቀድቶ መሆን አለበት ወደሚል አቅጣጫ የሚያመራ ጽሑፍ አዘጋጀ። ክሱን ውድቅ ያደረገው ራሱ ታነንባውም ነበር። ሊኑክስን ቶርቫልድስ ራሱ እንደ ጻፈው በይፋ መሰከረለት፤ በንድፉ ላይ ያለውን ተቃውሞም እንደያዘ ቀጠለ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት የሁለቱን ሰዎች ጨዋነት ለማመስገን ብቻ አይደለም። ታነንባውም ሊመሰክር የቻለው የተቃዋሚውን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ሁለቱም በአንድ መድረክ ላይ የሌሎችን ጥያቄ ሲመልሱ፣ ስሕተት ሲታረሙና ሲያርሙ የታዩ ሰዎች ነበሩ። ስለ ኮምፒውተር ስርዓት የተደረገ ክርክር ስለ መሬት ወይም ስለ ሥልጣን ከሚደረግ ክርክር እንደሚለይ አላጣሁትም፤ እዚያ የሚሠራው ነገር ሠርቶ ይታያል፣ የማይሠራው ይወድቃል፤ ፖለቲካ እንዲህ ያለ ፈጣን ፈታኝ የለውም። ነገር ግን ሰው በሥራው ከታወቀ በኋላ በሐሳቡ ብቻ መመዘኑ እንደሚያበቃ ታሪኩ ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ፖለቲካው ውስጥ በብርቱ የጎደለን ነገር ነው።

ፖለቲካው ራሱ ዋና ጉዳይ በሆነበት ቦታም ቢሆን የጋራ ሥራ ያለው ኃይል ተመዝኗል። ፌንግ ሺ፣ ጄምስ ኢቫንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር» ላይ ባሳተሙት ጥናት የዊኪፔዲያን ጽሑፎች መረመሩ። የጽሑፎቹ አዘጋጆች ከሁለቱም የፖለቲካ ወገን የተውጣጡ ሲሆኑ ጽሑፉ በጥራት የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ ወይም መካከለኛ አቋም ካላቸው ሰዎች ሥራ ይልቅ። የውይይት ገጾቻቸውም ረጅምና ክርክር የበዛባቸው ነበሩ። ክርክሩ ወደ ተሻለ ጽሑፍ የተለወጠው ግን በምን ምክንያት ነው? አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ገጽ ብቻ ነው ያላቸው፤ ተቃዋሚውን ትቶ ለብቻው የሚጽፍበት ሌላ ገጽ የለም። ሁለተኛ፣ ምንጭ ጥቀስ፣ ከራስህ አታምጣ፣ ወገን ሳትለይ አቅርብ የሚሉ ደንቦች አስቀድመው የተጻፉ ናቸው፤ ተከራካሪው ሌላውን የሚረታው ደንቡን ጠቅሶ ነው። የጋራ ሥራና የታወቀ ደንብ ባለበት ቦታ ልዩነት ጠቃሚ ጉልበት ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ሰውን ከተቃራኒ ሐሳብ ጋር ማገናኘት ያለዝበዋል ያለው ማን ነው? ክሪስቶፈር ቤይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የትዊተር ተጠቃሚዎችን ከፍለው፣ የተቃራኒውን ወገን መልእክቶች የሚያሰራጭ አካውንት ለአንድ ወር እንዲከተሉ አደረጉ። ሪፐብሊካኖቹ ከወሩ በኋላ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆኑ፤ ዴሞክራቶቹም ትርጉም ያለው ለውጥ ባያሳዩም ወደ መሐል አልመጡም። ይህ ጥናት ለእኔ ሐሳብ አደገኛ ስለሚመስል ላልፈው አልችልም። ነገር ግን ለእነዚያ ሰዎች የቀረበላቸው ምን እንደነበረ እንመልከት። ያነበቡት የፖለቲከኞችን፣ የመገናኛ ብዙኃንንና የታወቁ ተንታኞችን ቃል ነው። አንዳቸውም ሌንስ እንዲመርጥ የረዳው፣ የተበላሸ ኮዱን ያስተካከለለት፣ ቡድኑ ሲሸነፍ አብሮት የተበሳጨ ሰው አልነበረም። የደረሳቸው ተቃራኒ አቋም ብቻውን ነበር፤ የሚያውቁት ሰው የያዘው አልነበረም። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን አደባባዩ ላይ መፍትሔ እንደሌለ ነው፤ በትንሹ ስብስብ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ግን አልመረመረም።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስተማረው፣ ሁለት ወገኖችን ማገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና ከበላይ ያለ ድጋፍ ሲኖር ነው። ሳልማ ሙሳ ይህንን በሰሜን ኢራቅ ፈተነችው። አይሲስ ካፈናቀላቸው ክርስቲያኖች የተውጣጡ የአማተር እግር ኳስ ቡድኖችን ይዛ፣ አንዳንዶቹን ሙሉ በሙሉ ክርስቲያን አድርጋ ተወቻቸው፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በዕጣ ሙስሊም ተጫዋቾች ጨመረችባቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» ላይ ባሳተመችው ውጤት መሠረት፣ ከሙስሊሞች ጋር የተጫወቱት ክርስቲያኖች በሚቀጥለው ውድድር በተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ፣ ለሌላ ቡድን ሙስሊም ተጫዋች የሽልማት ድምፅ ለመስጠት፣ ከወራት በኋላም አብረው ለመለማመድ ይበልጥ ዝግጁ ነበሩ። ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ መብላትን የመሰለ፣ ከሜዳው ውጪ ያለ ነገር ላይ ግን የታየው ለውጥ ደካማ ነበር። ይህን ሁለተኛ ግማሽ መደበቅ አልፈልግም። አብሮ ኳስ መጫወት አገር አያስታርቅም። አብረው በተጫወቱት ሰዎች መካከል ግን እውነተኛ ነገር ለውጧል፤ እኔም ለትንንሾቹ ስብስቦች የምጠይቀው ከዚህ በላይ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከስብስቦቹ አባላት የሚመጣ ነው፤ ፖለቲካ ከገባ ግሩፑ ይፈርሳል የሚል። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ራቨልሪ የተባለው የሹራብና የክር ሥራ ወዳዶች ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋቁሞ ሚሊዮኖችን ሰብስቦ ነበር። በሰኔ 2019 ለዶናልድ ትራምፕና ለአስተዳደሩ ድጋፍ የሚሰጥ ማናቸውንም ጽሑፍ፣ ሥራና ንድፍ ከለከለ፤ ምክንያቱንም የነጭ የበላይነትን የሚደግፍ ነገር እየተፈቀደ ሁሉንም የሚያቅፍ ቦታ ሊኖር አይችልም ሲል ገለጸ። አርፒጂ ዶት ኔት የተባለው የጨዋታ ወዳዶች መድረክ በ2018 ተመሳሳይ እገዳ አውጥቶ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቤዝካምፕ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በሚያዝያ 2021 በውስጥ መነጋገሪያው ላይ የፖለቲካ ወሬን ጨርሶ ከለከለ፤ በቀናት ውስጥ ከሠራተኞቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለቀቁ። አንዱ አንድን ወገን ዘጋ፣ ሌላው አፍን ሁሉ ዘጋ። የራቨልሪ ባለቤቶች ሰውን በዘሩ የሚያዋርድ ነገር አናስተናግድም ማለታቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ለማስከበር ግን የሚያዋርደውን ጽሑፍ ማውረድ ይበቃቸው ነበር። መስፈርቱ ጽሑፉ ማንን ይደግፋል የሚለው ሲሆን፣ በአያት ወግ ሹራብ ስትሠራ የኖረች የገጠር ሴትና የከተማዋ ወጣት ባለሙያ ሊገናኙበት ከሚችሉት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይጠባል።

«ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚለው ደንብም ከሚመስለው በላይ ወገንተኛ ነው። ኑሮው ያልተነካበት ሰው ዝም ብሎ ስለ ስልክ ሞዴል ማውራት ይችላል፤ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት የተቋረጠበት የግሩፑ አባል ግን «ለምን ጠፋህ?» ሲባል እውነቱን ከተናገረ ፖለቲካ አወራህ ይባላል። ፕሮግራመሮች ስለ ኔትወርክ መቋረጥ፣ ፎቶ አንሺዎች ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ስለሚያስከትለው ጣጣ፣ የኳስ ደጋፊዎች ስለ ስታዲየም መዘጋት ሲያወሩ ከሙያቸው አልወጡም። የጉዳዩ ሥር ፖለቲካ ውስጥ ስለገባ ብቻ ወሬው አይቆረጥም። ስለዚህ መስመሩ መሰመር ያለበት በርዕሰ ጉዳይ ላይ ሳይሆን በአነጋገር ላይ ነው፦ አባልን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ መጥራትና መፈረጅ አይቻል፤ ምንጩ ያልታወቀ ቪዲዮ አይለጠፍ፤ ከግሩፑ ሥራ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ የቅስቀሳ ጽሑፍ ከሌላ ቻናል እየተገለበጠ አይምጣ። ይህ መስመር ብዙ ያወርዳል፤ አቋምን ግን አያወርድም።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። የአማርኛ ተናጋሪዎች የቴሌግራምና የፌስቡክ ስብስቦች ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ ሰው ያገናኛሉ፤ ሰው በተለያየ ሕግና በተለያየ አደጋ ሥር ሆኖ አንድ ግሩፕ ውስጥ ይጽፋል። ባሕር ማዶ ያለው የሚጽፈው ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ አዲስ አበባ ያለው ከሚከፍለው አይተካከልም። ብዙ ጊዜም የአባሉ ስም ብቻውን ከየት እንደመጣ ስለሚናገር፣ አንድ ቃል ሳይጽፍ ተፈርጆ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ሕጉ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት በሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ቅጣቱን ያከብዳል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ስብስቡ ራሱ ቢሠራው የተሻለ ነው እላለሁ፤ ሕግ የሚያውቀው ጥፋተኛና ንጹሕ ብቻ ነው፣ «እንዲህ አትበል፣ ይልቅ እንዲህ በለው» ብሎ የሚመልስ ግን አብሮ የሚውል ሰው ነው።

ለዚህ የሚሆን ልምድ ደግሞ አለን። እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ ዓላማው ግልጽ ስለሆነ በአቋም የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፤ በሐዘን ቤት የማይነሣ የአገር ጉዳይም የለም። ሰዎቹን አብረው የሚያቆያቸው መዋደድ ብቻ አይደለም። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ይመረጣሉ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለሁሉም አንድ ነው። የኢንተርኔት ግሩፖቻችን ግን አድሚናቸው ግሩፑን የከፈተው ሰው ነው፤ አይመረጥም፣ አይጠየቅም፣ ማንን ለምን እንዳስወጣ አይናገርም። በክርክር የተሸነፈ አድሚን ተከራካሪውን ሲያስወጣ የሚቃወመው ደንብ የለም። ይህ ለእኔ ከስድብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ ስድብ ሰውን ያስቆጣል፣ ያለ ምክንያት መባረር ግን የቀሩትን ዝም ያሰኛል።

ሌላ ዓይነት አሠራር እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው ስላሽዶት የተባለው የቴክኖሎጂ መድረክ፣ የአስተያየቶችን ደረጃ የመስጠት ሥልጣን ለቋሚ ሰዎች ብቻ አልሰጠም፤ ከዘወትር አንባቢዎች መካከል ስርዓቱ ራሱ እየመረጠ ለእያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ያድል ነበር፤ በ3 ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ራሱ አስተያየት በሰጠበት ውይይት ላይ ደግሞ ማንም ነጥብ መስጠት አይችልም። ከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው እንዳይሆኑ የሚከለክለው ይህ ደንብ ለማንኛውም የቴሌግራም ግሩፕ ይሆናል፤ ልዩ ቴክኖሎጂም አይፈልግም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የኳስ፣ የፎቶግራፍ፣ የኮድና የመጽሐፍ ግሩፖች አድሚኖች ሦስት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃችኋለሁ። ደንባችሁን ጽፋችሁ ለአባላት በድምፅ አስጸድቁት። አድሚንነቱን በየስድስት ወሩ አዘዋውሩት። ራሳችሁ በገባችሁበት ክርክር ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ ደግሞ ሌላ አባል ይየው፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ግሩፑ ላይ ይጻፍ።